የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የትኛው ሽጉጥ አይነክስም?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም ሁሉም የሚሹት የከፊል አውቶማቲክ ሽጉጦችን አስተማማኝነት ሞዴል ከሞዴል አወዳድሮ መዳኘት ነው። «ነከሰ» ስንል ጥይት ወይም ቀለህ ተቀርቅሮ ሽጉጡ መተኮሱን አቋረጠ ማለታችን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሌሎቹም መሠረት በመሆኑ ሰፋ ያለ መልስ ሰጥቼበታለሁ።

ጥያቄ፦ ክቡር የአምዱ አዘጋጅ፣ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ለረጅም ጊዜ የተከራከርንበት ጉዳይ አለ። እኔ ግሎክ 17ን የሚያህል አስተማማኝ ሽጉጥ የለም እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ቤሬታ 92ን ያስቀድማል። በቅርቡ በተኩስ ልምምድ ሥፍራ ሁለታችንም በየሽጉጣችን ሁለት ሁለት መቶ ጥይት ተኮስን። የእኔ አንድም ጊዜ ሳይነክስ ጨረሰ፤ የእሱ ግን አንድ ጊዜ ነከሰበት። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ አልተዘጋም፤ ገና አልተጀመረም ብል ይቀለኛል። በአማካይ በየ200 ጥይቱ አንድ ጊዜ የሚነክስ ሽጉጥ አለ እንበል። ይህ ማንም ሰው ሊተማመንበት የማይገባ መሣሪያ ነው። ሆኖም ሁለት መቶ ጥይት የመተኮሱን ሙከራ መቶ ጊዜ ብንደጋግመው፣ ይኸው ሽጉጥ በ37ቱ ሙከራዎች አንድም ጊዜ ሳይነክስ ይጨርሳል። ስለዚህ የእርስዎ ሽጉጥ ሳይነክስ የጨረሰው ጥሩ ስለሆነ ይሁን ወይስ ዕድል ስለቀናው፣ ከ200 ጥይት ተነሥቶ ሊናገር የሚችል ሰው የለም። የባልደረባዎ ሽጉጥ አንድ ጊዜ መንከሱም ብቻውን የሚያስረዳው ነገር የለም።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር የስታትስቲክስ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። አንድም እክል ሳይገጥም የተተኮሰውን የጥይት ብዛት ለ3 ያካፍሉት፤ የሚያገኙት ቁጥር በ95 በመቶ እርግጠኝነት «ሽጉጡ ቢያንስ ይህን ያህል ጥይት ተኩሶ ነው በአማካይ አንድ ጊዜ የሚነክሰው» ለማለት የሚያስችልዎ ነው። 200 ለ3 ሲካፈል 67 ገደማ ይሆናል። ስለ ሽጉጥዎ በማስረጃ ሊናገሩ የሚችሉት ይህን ብቻ ነው፤ በየ67 ጥይቱ የሚነክስ መሣሪያ ደግሞ ማንም አይመርጥም።

ከዚህ ጋር የዩናይትድ ስቴትስ ጦር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 ያካሄደውን ፈተና ያነጻጽሩ። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የኮልት ሽጉጥና የሳቬጅ ኩባንያ ሽጉጥ ለመጨረሻው ዙር ቀርበው፣ በሁለት ቀን ውስጥ እያንዳንዳቸው 6,000 ጥይት ተኮሱ፤ ኮልቱ ሲግል ውኃ ውስጥ እየተነከረ እንዲቀዘቅዝ ይደረግ ነበር። በውጤቱ ኮልቱ አንድም እክል ሳይመዘገብበት ሲጨርስ ሳቬጁ 37 ጊዜ አስቸገረ። የሳቬጁ ውጤት በአማካይ በየ162 ጥይቱ አንድ እክል መሆኑ ነው። በኮልቱ በኩል ደግሞ 6,000ን ለ3 ካካፈልን 2,000 እናገኛለን። ይህ ቁጥር ዝቅ ብዬ በማነሣው የዘመናችን ፈተና ተመልሶ ይመጣልና ያስታውሱት።

ግሎክ 17 ስሙን የተከለው በኦስትሪያ ጦር ፈተና ነው። ጦሩ ለአዲሱ ሽጉጥ ካወጣቸው መመዘኛዎች አንዱ፣ በመጀመሪያዎቹ 10,000 ጥይቶች ውስጥ ቀላል የሚባሉት ሳይቀሩ የእክሎቹ ቁጥር ከ20 እንዳይበልጥ ይጠይቅ ነበር፤ ይህም በየ500 ጥይቱ አንድ ማለት ነው። የጋስተን ግሎክ ሽጉጥ ፈተናውን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1982 ለጦሩ አገልግሎት ተመረጠ። ከዓመታት በኋላ የዩናይትድ ስቴትስ ጦር የሲግ ሳውር ፒ320ን ዝርያ ኤም17 ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመርጥ የጠየቀው በአማካይ በየ2,000 ጥይቱ ከአንድ ያልበለጠ እክል ነበር። የቁጥሩ አመጣጥም ግልጽ ነው፤ አንድ ወታደር በ96 ሰዓት ግዳጅ 97 ጥይት ይተኩሳል ተብሎ ተገምቶ፣ ያንን ሁሉ ሳይነክስበት የመጨረስ ዕድሉ 95 በመቶ እንዲሆን ተፈልጎ ነው። ያው ወታደር የ1911ዱን ሳቬጅ ቢይዝ ኖሮ ዕድሉ 55 በመቶ አካባቢ ይሆን ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «የአሜሪካው ከኦስትሪያው አራት እጥፍ ይበልጣል» ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው፤ ሁለቱም የዝቅተኛ ብቃት መመዘኛዎች እንጂ የተመዘገቡ ውጤቶች አይደሉም። ከዚያም በላይ እያንዳንዱ ፈታኝ «እክል» የሚለውን ቃል በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። ተኳሹ በእጁ ተንሸራታቹን የላይኛውን ክፍል ስቦ በሁለት ሰከንድ የሚያስለቅቀው መንከስ አንድ ነገር ነው፤ መፍቻ የሚጠይቅ ሌላ ነው፤ ክፍል ተሰብሮ ሽጉጡን ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ጥይቱ ራሱ ከሽፎ ከሆነስ በማን ይመዝገብ? በሽጉጡ ወይስ በጥይቱ አምራች? ሁለት የፈተና ውጤቶችን ሲያነጻጽሩ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባዎት ይህን ነው።

የኤም17 ፈተና ያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምይዘው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነና ክብ አፍንጫ ያለው አረር በቀላሉ ወደ ማደሪያው ይገባል፣ ጫፉ የተቦረቦረው ግን ያስቸግራል ብሎ ያምናል፤ በአሮጌ ሞዴሎች ላይ እምነቱ ትክክል ነው። በኤም17 ፈተና ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሽጉጡ አብዝቶ የነከሰው መደበኛውን ሽፍን ጥይት ሲተኩስ ነው እንጂ ልዩ ተብሎ የቀረበለትን፣ ጫፉ የተቦረቦረውን ሲተኩስ አልነበረም። አንዱና ያው ሽጉጥ በሁለት ዓይነት ጥይት ሁለት የተለያየ አስተማማኝነት አሳየ ማለት ነው። ስለዚህ ግሎክ ይበልጣል ወይስ ቤሬታ የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎዶሎ ነው። የሚወዳደረው ሽጉጡ፣ ካዝናው (ጥይት የሚሞላበት ክፍል) እና ጥይቱ አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ሌላ ተወዳዳሪ ቀርቧል።

ጥያቄ፦ በሥራዬ ምክንያት ለብዙ ዓመታት የያዝኩት ማካሮቭ ነው፤ እስካሁን አስቸግሮኝ አያውቅም። ወጣቶቹ የሥራ ባልደረቦቼ ግን ያረጀ ንድፍ ነው እያሉ ይንቁታል። የሽጉጥ ንድፍ ዘመናዊ በሆነ ቁጥር አስተማማኝነቱም አብሮ ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም፤ ለዚህም ከእጅዎ ካለው ሽጉጥ የተሻለ ማስረጃ የለም። ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1951 ለሶቪየት ጦር ሲመረጥ ትልቁ ብልሃቱ ነገሮችን መቀነሱ ነበር። አረሩ የሚያልፍበት ቱቦ ከሽጉጡ አካል ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ተንሸራታቹ ብቻ ነው፤ እሱንም በመቆለፊያ ፈንታ የሚያዘገዩት የራሱ ክብደትና ቱቦውን የተጠመጠመው ሞላ ናቸው። ክፍሎቹ ጥቂት፣ አብዛኞቹም ወፍራም ናቸው፤ አንዳንዱ ክፍል ሁለትና ሦስት ተግባር ደርቦ ይሠራል። ለዚህ ቀላልነት የሚከፈለው ዋጋ የጉልበት ማነስ ነው፤ እንዲህ ያለው አሠራር ለ9 በ18 ሚሊሜትሩ ጥይት ይበቃዋል እንጂ ብርቱ ለሆነው 9 በ19 ሚሊሜትር ቢሠራ ተንሸራታቹ እጅግ ከባድ መሆን ይኖርበታል።

ብርቱ ጥይት የሚተኩሱ ሽጉጦች ቱቦውና ተንሸራታቹ ተቆላልፈው ጥቂት ከተጓዙ በኋላ እንዲላቀቁ ተደርገው ይሠራሉ፤ የንድፍ ልዩነቱም እዚህ ላይ ይጎላል። የጀርመኑ ሉገር፣ በጦሩ መጠሪያ ፒ08፣ እንደ ጉልበት በሚታጠፍ አንጓ ይቆለፍ ነበር። አሠራሩ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን አንጓው ተጣጥፎ በሙሉ ኃይል እንዲመለስ የጥይቱ ጉልበት ልክ መሆን አለበት፤ ጥይቱ ደከም ካለ ወይም አቧራ ከገባበት ይነክሳል። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ዋልተር ፒ38 እየተካው ሄደ። የፒ38ን የመቆለፊያ ስልት ኋላ ቤሬታ 92 ወረሰው፤ በዚህ ስልት ቱቦው ጫፉን ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ጥይቱ ሳይጣመም ወደ ማደሪያው ይገባል፤ የቤሬታው ተንሸራታች ከላይ ሰፊ ክፍት በመሆኑ ደግሞ ቀለሁ የሚጋጨው ነገር ሳይኖር ይወጣል።

ሆኖም ቤሬታ 92 ኤም9 ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1985 የዩናይትድ ስቴትስ ጦር ሽጉጥ ከሆነ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ጥቂት ተንሸራታቾች መሐል ላይ ተሰብረው የኋላ ግማሻቸው ተኳሾችን አቆሰለ። በብረቱ ጥራትና በጥይቶቹ ግፊት ላይ ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻም ተንሸራታቹ ቢሰበር እንኳ ወደ ኋላ እንዳይወረወር የሚይዝ ክፍል ተጨመረበት። ይህን የማነሣው ሽጉጡን ለማጣጣል አይደለም። በመንከስ የማይታማ ሽጉጥ በጥንካሬ ሊታማ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው፤ «አስተማማኝ» በሚለው አንድ ቃል ሁለቱን ጠቅልለን ስናወራ ግራ የምንጋባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከላይ ባነሣሁት ፈተና ያሸነፈው የኮልት ንድፍ ስሙ 1911 ነው፤ ስለ 1911 ሲወራ ደግሞ የትኛው 1911 ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ንድፉ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ የሚያመርቱት ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፤ ልካቸውም ይለያያል። ቀለሁን ከማደሪያው ጎትቶ የሚያወጣው ጥርስ የተለየ ሞላ የለውም፤ ራሱ እንደ ሞላ ተለምጦ የሚይዝ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ልምጠቱ ከላላ ቀለሁን ይለቀዋል፣ ከጠበቀ ጥይቱን አያስገባም። ጥይቱ የሚንሸራተትበት መወጣጫም ግማሹ በሽጉጡ አካል፣ ግማሹ በቱቦው ላይ የተቀረጸ ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ትክክል ካልሆነ ጫፉ የተቦረቦረ አረር እዚያ ላይ ይደናቀፋል። በጥንቃቄ የተሠራው እንደ ሰዓት ይሠራል፤ በግድየለሽነት የተሠራው ባለቤቱን ያማርራል፤ የሁለቱም ስም አንድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ካዝና ሳልናገር አላልፍም። ዓመታትን ባሳለፍኩበት የጥገና ሥራ ከየትኛውም የሽጉጥ ክፍል ይልቅ ያታለለኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ተመሳሳይ ሽጉጦች ቀረቡልኝ፤ አንደኛው «እርኩስ ነው» ተብሎ ማንም አይነካውም። እውነትም ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥይት ላይ ሲደርስ አረሩ አፍንጫውን መወጣጫው ላይ ተክሎ ይቀራል። ሞላውን ለወጥኩ፣ ማደሪያውን አጸዳሁ፣ ምንም ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ የሁለቱን ሽጉጦች ካዝና አለዋወጥኩ፤ ወዲያው «ደጉ» ሽጉጥ መንከስ ጀመረ፣ «እርኩሱ» ሃምሳ ጥይት ያለ ችግር ተኮሰ። የካዝናውን ከንፈር፣ ማለትም ጥይቱን ይዞ የሚያቆየውን የላይኛውን ጠርዝ፣ ጥፍሬን አስደግፌ ስዳብሰው በግራ በኩል ለዓይን የማይታይ መጣመም ነበረበት፤ ወድቆ ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የማገኘው ካዝና ሁሉ ሥሩ ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፍበታል፤ ሽጉጥ በነከሰ ቁጥርም መጀመሪያ የምመዘግበው የካዝናውን ቁጥር ነው።

የሶቪየት መሐንዲሶች ይህን ድክመት ቀድመው አይተውታል። በቲቲ-33 ላይ ጥይቱን እየመራ የሚያስገባውን ከንፈር ከካዝናው ወስደው መዶሻው በተገጠመበት ጠንካራ ክፍል ላይ ቀረጹት፤ ስለዚህ የካዝናው ቆርቆሮ ጥቂት ቢጣመም እንኳ ጥይቱ መንገዱን አይስትም። በአንጻሩ ኤም9 በኢራቅ በረሃ ስሙ ሲጠፋ ዋነኛው ጥፋተኛ ካዝናው ነበር፤ ጦሩ ከሌላ አምራች ያስገዛቸው ካዝናዎች ውስጣቸው በሻካራ የፎስፌት ሽፋን የተቀባ ስለነበር ደቃቁ አሸዋ እየተጣበቀባቸው ጥይቱ ሳይነሣ ይቀር ነበር። ወታደሩ ግን የረገመው ሽጉጡን ነው።

ስለዚህ ማካሮቭዎ የሚተኩሰው ጥይት እስከበቃዎ ድረስ በዕድሜው ምክንያት የሚያፍሩበት ነገር የለም። ሞላዎቹን በየጊዜው ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ ትልቁ ሽጉጤ እንከን የለውም። በኪስ ልትያዝ የምትችለው የዚያው ኩባንያ ትንሿ ሞዴል ግን እኔ ስተኩስ አትነክስም፣ ባለቤቴ ስትተኩስ ደጋግማ ትነክሳለች። ችግሩ ከማን ነው?

መልስ፦ ከሁለቱ ግንኙነት ነው እንጂ ከባለቤትዎ ብቻ አይደለም፤ እባክዎ እሳቸውን አይውቀሱ። ተንሸራታቹ ሙሉ መንገዱን ሄዶ እንዲመለስ ከሥሩ ያለው አካል በእጅ ተይዞ መቆም አለበት። አካሉ ቀላል ከሆነ፣ በተለይም ከፖሊመር የተሠራ ከሆነ፣ የእጅ አንጓ ጥቂት ሲላላ ሽጉጡ በሙሉ አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ተንሸራታቹም ጉልበቱን ያባክናል። ያን ጊዜ ባዶው ቀለህ ሳይወጣ መውጫው ላይ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ተቆንጥጦ ይገኛል፤ ባለቤትዎ የሚያዩት ይህን ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ትንንሽ ሽጉጦች ከዚህም ሌላ ችግር አለባቸው። ተንሸራታቻቸው አጭርና ቀላል ስለሆነ መንገዱን ቶሎ ይጨርሳል፤ ተመልሶ ከመምጣቱ በፊት የካዝናው ሞላ የሚቀጥለውን ጥይት ወደ ላይ ለማንሣት የሚያገኘው ጊዜ ያንሳል። ሞላው ትንሽ ከደከመ ወይም ቆሻሻ ከያዘው ትልቁ ሽጉጥ የሚያልፈውን ትንሹ አያልፈውም። ስለሆነም በአንድ ኩባንያ ትልቅ ሞዴል የተመዘገበ መልካም ስም ለታናሹ በውርስ አይተላለፍም፤ ለብቻው መፈተን አለበት። ለባለቤትዎ የምመክረው በመጀመሪያ አያያዛቸውን ጥሩ አሠልጣኝ እንዲያይላቸው፣ ካልተሻለም ለእጃቸው የሚስማማ ከበድ ያለ ሽጉጥ እንዲሞክሩ ነው። የመሣሪያው አስተማማኝነት የሚለካው በሚይዘው ሰው እጅ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሲግ ሳውር ፒ320 በጦር የተመረጠ ሆኖ ሳለ ሲወድቅ ይተኩሳል ተብሎ መነገሩ እውነት ነው? እውነት ከሆነ እንዴት አስተማማኝ ይባላል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 በተለየ ማዕዘን፣ ማለትም የኋላ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። ኩባንያውም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ባለቤቶች በፈቃዳቸው ሽጉጣቸውን ልከው እንዲያሻሽሉ ጥሪ አደረገ፤ ከማሻሻያው አንዱ የምላጩን ክብደት መቀነስ ነበር፤ ሽጉጡ ሲወድቅ ከባዱ ምላጭ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይሳብ ስለነበር ነው።

ጥያቄዎ ግን ከአንድ ሞዴል ያለፈ ነው። በሥራዬ «አስተማማኝ» የሚለውን ቃል በሦስት እከፍለዋለሁ። ምላጩ ሲሳብ ሁልጊዜ መተኮሱ አንድ፤ ከብዙ ሺህ ጥይት በኋላ አለመሰበሩ ሁለት፤ ምላጩ ሳይሳብ በምንም ሁኔታ አለመተኮሱ ሦስት። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ሲጎድል መሣሪያው ይጠገናል፤ ሦስተኛው ሲጎድል ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው፤ የተጎዳውም ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ያልያዘው ሰው ነው። በዚህ ምክንያት በመንከስ የሚታማ ሽጉጥ ሊያስመክረኝ ይችላል፤ በመውደቅ ፈተና የሚታማውን ግን ማሻሻያው መደረጉን በመለያ ቁጥሩ ሳላረጋግጥ አልቀበልም። ጥቅም ላይ የዋለ ሽጉጥ ሲገዙ ሻጩ በቃል የሚነግርዎትን አይመኑ፤ መለያ ቁጥሩን ይዘው አምራቹን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ካዝናን በጥይት ሞልቶ ለወራት ማስቀመጥ ሞላውን ያደክማል? እውነት ከሆነ በየስንት ጊዜው ባዶ ላድርገው?

መልስ፦ በትክክል የተሠራ ሞላ ከልኩ በላይ እስካልታመቀ ድረስ ተጨምቆ በመቆየቱ ብቻ የጎላ ድካም አይደርስበትም፤ የሚያደክመው ደጋግሞ መታመቁና መለቀቁ ነው። ስለዚህ ካዝናውን ለማሳረፍ ብለው በየሳምንቱ እየሞሉ ባዶ የሚያደርጉ ሰዎች የፈሩትን ነገር ራሳቸው ያፋጥኑታል። ሞላው መድከሙን የሚያውቁት የመጨረሻው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ተከፍቶ መቆም ሲገባው ሲዘጋ ነው፤ ወይም የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥይቶች በዝግታ ሲነሡና አፍንጫቸውን ዝቅ አድርገው ሲደናቀፉ ነው። ያን ጊዜ ሞላውን በዚያው ሞዴል ሞላ ይለውጡት፤ በመጎተት አስረዝመው መልሰው አይግጠሙት፤ ለጥቂት ቀን የዳነ ይመስላል እንጂ ወዲያው ወደ ድካሙ ይመለሳል።